ጀልባዋ ውሃ ላይ እንዳለች ላስወጡን ለወይዘሮ ሊኖር

እርስዎን ነው ወይዘሮ ሊኖር! ወደ ኋላ አይዙሩ፣ ሌላ ሊኖር አልጠራሁም። የ«በረሃ መስኮት» ፊልም ፌስቲቫል ዋና ዳይሬክተር፣ የሀብታሞቹ ሰፈር የለሃቪም እመቤት፣ የነጻ ሲኒማ ሞግዚት፣ የእስያ ፊልም ጠበቃ፣ ቤር ሼቫን ከባህል ረሃብ ያወጧት እርስዎን ነው በአደባባይ የምጠራው።

ከሁሉ አስቀድሞ እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎ፣ ወገብዎ፣ በተለይ ደግሞ ጆሮዎ? ጆሮዎን አጥብቄ የምጠይቀው በምክንያት ነው። ባለፈው አዳራሽ ውስጥ በሹክሹክታችን እንደተጎዳ ሳድራኑ ነግሮናል፤ ሳድራን ማለት ያው በር ላይ ቲኬት የሚያየው፣ ሲታዘዝ ደግሞ ሰው የሚያስወጣው ልጅ ነው። እግዜር ይማርልን። የሽማግሌ ሹክሹክታ እንዲህ ጆሮ የሚያቆስል መሆኑን ባውቅ ኖሮ ጥጥ ይዤልዎት እመጣ ነበር።

በአማርኛ ስጽፍልዎ ንቀት እንዳይመስልዎት። በዕብራይስጥ ደጋግሜ ጽፌልዎታለሁ። የመለሰልኝ ማሽን ነው፤ «ስለጻፉልን ከልብ እናመሰግናለን፤ ፌስቲቫሉ በድምቀት ተጠናቋል፤ በሚመጣው ዓመት እንገናኝ» ይላል። ማሽኑን ሰላም ይበሉልኝ፣ ጨዋ ነው፣ ጠባዩ አይለዋወጥም። ስለዚህ አሁን በራሴ ቋንቋ፣ በዚህ በኛ ጋዜጣ ላይ ጻፍኩ። እርስዎም ከኛ ሰው አንዱን አጠገብዎ ያስቀምጡና ቃል በቃል በጆሮዎ ሹክ ይበልዎት። በመሃል አንድ ሰው መጥቶ ፊትዎ ላይ ባትሪ አብርቶ «ውጪ» እንዳይልዎት ብቻ እጸልያለሁ፤ ነገር መሃል ላይ ሲቋረጥ ሰውን ምን እንደሚያደርግ ከዚህ በታች ያገኙታል።

እኔ ጎሹ እባላለሁ። የምኖረው እዚሁ ቤር ሼቫ፣ ሽኩና ቫቭ የሚባለው ሰፈር ነው። በፈረንጅ ዘጠና አንድ ላይ በአውሮፕላን ተጭነው ከመጡት ነኝ፣ ያኔ ልጅ ነበርኩ። ዛሬ ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ እሠራለሁ። ሲኒማን ያስተማረኝ ፕሮፌሰር የለም፤ ሲኒማን ያስተማረኝ ቋንቋ አለማወቅ ነው። የመጣን ሰሞን ካረፍንበት ቦታ ቴሌቪዥን ነበር፤ አንድ ቀን የጃፓን ፊልም ይታያል፣ ከሥር በዕብራይስጥ ይጻፋል፣ እኔ ደግሞ ፊደሉን ገና አልለየሁም። አባትና ልጅ ገበታ ላይ ተቀምጠዋል። ልጁ የሚናገረው ነገር አለው፣ አይናገርም። አባትየው ያውቃል፣ አይጠይቅም። ዝም ብሎ ከራሱ ሳህን አንስቶ ለልጁ ይጨምርለታል። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አጠገቤ ተቀምጦ «ይሄማ የኛ አገር ሰው ነው!» አለ። «ኧረ አባዬ፣ ጃፓን ናቸው» ስለው፣ «ታዲያ ጃፓን የት ወረዳ ነው?» አለኝ።

በዚያው ዓመት አስተማሪዬ «ጎሹ በራሱ አይተማመንም፣ ሲያናግሩት መሬት መሬት ያያል» ብላ ለቤተሰቤ አስጠነቀቀች። እነዚያ ፊልሞች ውስጥ ግን ታላቁ ፊት መሬት መሬት የሚያይ ልጅ የተመሰገነ ነው። ጫማ ያወልቃሉ፣ በሁለት እጅ ይቀበላሉ፣ ከባድ ነገር ሲኖራቸው ዙሪያውን ዞረው ነው የሚናገሩት። እዚህ አገር ስገባ እንደ ጉድለት የተቆጠረብኝን ጨዋነት ኮሪያና ታይዋን ውስጥ በክብር ተቀምጦ አገኘሁት። ከዚያ ወዲህ ይኸው እከተላቸዋለሁ። የሥራ ጓደኞቼ የዓመት ፈቃዳቸውን ኤላት ባሕር ዳር ይተኙበታል፤ እኔ ሃይፋና ኢየሩሳሌም የፌስቲቫል ወረፋ ላይ ነኝ፣ ኪሴ ውስጥ የተቀቀለ እንቁላል ይዤ፣ ከኢራን ፊልም ወጥቼ ወደ ቬትናም ፊልም እየሮጥኩ። ማንም የማያውቀው ዳይሬክተር፣ በተዋሰው ካሜራ፣ በአጎቱ ቤት፣ የአጎቱን ልጆች ይዞ የሠራውን ፊልም ማየት ለኔ የሰው ቤት በር ተከፍቶልኝ እንደ መግባት ነው። የትልልቁ ሲኒማ ቤት ፊልም «ላንተ ነው የተሠራሁት፣ ላንተ ነው!» እያለ ይጮህብሃል፤ ይሄኛው አልጠራህም፣ ግን ስትገባ ጠጋ ብሎ ቦታ ይለቅልሃል። ደግሞም አንዴ ነው የሚታየው። ከሄደ ሄደ፣ የትም ዞረህ አታገኘውም። ይህን እርስዎ ያጡታል ብዬ አይደለም፤ በመክፈቻው ንግግርዎ ላይ ራስዎ «እነዚህ ፊልሞች እንደ እንግዳ ናቸው፣ አንድ ሌሊት አድረው ይሄዳሉ» ብለው ነበር፣ እኔም አጨብጭቤያለሁ።

ይህን ፍቅሬን ለብቻዬ መብላት ነውር መሰለኝና በሰፈራችን ሚቅላት ውስጥ፣ ሚሳኤል ሲመጣ በምንገባበት መጠለያ፣ ነጭ አንሶላ ሰቅዬ ለሽማግሌዎቻችን ፊልም ማሳየት ጀመርኩ። ከሥር ያለውን ዕብራይስጥ እያነበብኩ ጮክ ብዬ በአማርኛ እላለሁ። እነሱም ይመልሳሉ፣ ለኔ ሳይሆን ለፊልሙ። የኛ ሰው ፊልም ሲያይ ዝም አይልም፤ ዝም የሚል ያኮረፈ ሰው ነው። የሰፈራችን ሽማግሌ አባባ አዝመራው፣ የኮሪያው ልጅና የኮሪያዋ ልጅ ሊሳሳሙ ሲቀራረቡ «ቆይ ጎሹ፣ አስቁመው! ዘራቸው ተቆጥሯል? ሰባት ቤት ይራራቃሉ?» ብለው ያስቆሙኛል። «አባባ፣ ዳይሬክተሩ አልነገረንም» ስላቸው፣ «እንግዲያው ይሄ ዳይሬክተር ያሳደገው የለም፤ ቀጥል» ይላሉ።

ከሁሉም ግን ፊልም የገባቸው እማማ አማረች ናቸው። ከጎንደር የመጡት በቅርቡ ነው። እዚያ ጉዞ ሲጠብቁ አርጅተው፣ ወንዶች ልጆቻቸውን ይዘው ሲመጡ፣ ሴቷ ልጃቸው ጥሩዬ «ያንቺ ፋይል ለብቻ ነው» ተብላ እዚያው ቀረች። ይኸው እስካሁን ፋይሉ ለብቻው ነው፣ ጥሩዬም ለብቻዋ ናት። እማማ አማረች ፊልም ሲያዩ አንድ ልማድ አላቸው፤ ወጣት ሴት በታየች ቁጥር ወደኔ ዘንበል ብለው «ይቺ ልጅ እናት አላት?» ይላሉ። አላት ካልኳቸው ተደላድለው ይቀመጣሉ። የላትም ካልኳቸው እስከ መጨረሻው እሳቸው እናት ሆነው ይቆያሉ።

ይህን ሰምተው ነው እርስዎ ወደኛ የመጡት። ፕላስቲክ ወንበራችን ላይ ተቀመጡ፣ ዳቧችንን በሉ፣ ዓይንዎ እንባ አቀረረ፣ «እውነተኛው ተመልካች እዚህ ነው ያለው» አሉ። ሃዒር ሃዓቲቃ፣ አሮጌው ከተማ ውስጥ ወዳለው አዳራሽዎም ጋበዙን። «አንድ ሙሉ ረድፍ የናንተ ነው፤ አንተም ጎሹ እንደ ልማድህ በጆሯቸው ትተረጉምላቸዋለህ፣ ይሄ ከኔ ጋር ያለቀ ነገር ነው» አሉኝ። እውነትም አልቋል። እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ልደርድር።

አንደኛ፦ በራፉ ላይ ስለተነሳነው ፎቶግራፍ አመሰግናለሁ። እማማ አማረች ለዚያ ቀን አጥበው ያስቀመጡትን ነጠላ ለብሰው፣ እርስዎ አቅፈዋቸው፣ ሁለታችሁም ስትስቁ። ፎቶው እስከ ዛሬ የፌስቲቫሉ ገጽ ላይ አለ፣ ከሥሩ «ሲኒማ ድንበር አያውቅም» ይላል። ድንበሩ በር ላይ ሳይሆን አዳራሹ መሃል ላይ እንደሆነ ፎቶ አንሺው በምን ይወቀው።

ሁለተኛ፦ ስለመረጡልን ፊልም አመሰግናለሁ፤ ይህችኛዋ ምስጋና ሽሙጥ የለባትም። ከፊሊፒንስ ደሴት የመጣ ፊልም ነው። ዓሣ አጥባ በፀሐይ የምታደርቅ አንዲት እናት አለች፤ ልጇ ባሕር ማዶ ከተማ ውስጥ ሰው ቤት ትሠራለች። እናትየዋ ዓሣውን ታገላብጣለች፣ ዝንብ ታባርራለች፣ ቀና ብላ ውሃውን ታያለች። በቃ። ለረጅም ጊዜ ሌላ ነገር የለም። ከፊታችን የተቀመጡት ባልና ሚስት ስልካቸውን አወጡ። ከኛ ረድፍ ግን አንድ ሰው አላዛጋም፤ መጠበቅ ለኛ ሰው አዲስ ታሪክ አይደለም፣ እንዴት እንደሚጠበቅ ነው የምናየው። ልጅቱ ስትታይ እማማ አማረች ክንዴን ጨበጡኝ። «አረማመዷ የጥሩዬ ነው» አሉኝ። እናት አላት ወይ ብለው አልጠየቁኝም። ከዚያ ልጅቱ ወደ እናቷ ልትመለስ ትንሽ ጀልባ ላይ ወጣች። ነፋስ ተነሳ። ማዕበሉ ጀልባዋን ያነሳታል፣ ይደፍቃታል፤ እናትየዋ ዳርቻው ላይ ፋኖስ ይዛ ቆማለች። የእናትየዋ ፊት፣ ጀልባዋ፣ የእናትየዋ ፊት፣ ጀልባዋ።

ሦስተኛ፦ ልክ በዚህች ሰዓት ስለላኩልን ባትሪ አመሰግናለሁ። እማማ አማረች ብድግ ብለው «ገመዱን ያዢ! ልጄ፣ ገመዱን ያዢ!» ማለታቸው እውነት ነው፣ አልክድም። ጥፋት ከሆነ ጥፋት ነው። ከፊት ያሉት ዞረው «ሽሽሽ» አሉ። ሳድራኑ መጣ። ልጁን አልወቅሰውም፣ አፍሮ ነበር፤ መጀመሪያ ወደ እርስዎ ነው የሄደው። ፊተኛው ረድፍ ላይ ከእንግዳዎ ከፊልሙ ዳይሬክተር ጋር ተቀምጠው ነበር፣ ጎንበስ ብሎ ጠየቀዎት። እርስዎም ዓይንዎን ከፊልሙ ሳይነቅሉ በእጅዎ ወደ በሩ አሳዩት። አንድ ጊዜ ዞር ቢሉ ኖሮ ማን እንደሆኑ ያውቋቸው ነበር፤ ቅድም ያቀፏቸው ሴት ናቸው። ባትሪው ፊታችን ላይ በራ። ሳድራኑና ሌላ ልጅ እማማ አማረችን በግራና በቀኝ ክንዳቸውን ደግፈው፣ በጣም በትሕትና፣ ይዘዋቸው ወጡ። ረድፉ ሁሉ ተከተለ። በሩ ሲዘጋ ጀልባዋ ውሃው ላይ ነበረች።

ወደ አራተኛው ከማለፌ በፊት አንድ የኛን ሥርዓት ላስረዳዎት፣ ያለዚያ የሠሩትን ሥራ ትልቅነት አያዩትም። እኛ ዘንድ የሞት ዜና በስልክ አይነገርም፣ መንገድ ላይም አይነገርም። መርዶ ይባላል፣ ጊዜና ወግ አለው። ሰው የሞተበት ሰው እስኪነገረው ድረስ እንዳይሰማ ይጠበቃል፤ ወሬ ሊያመልጥበት የሚችል ቦታ ካለ በዘዴ፣ ክንዱ ተይዞ፣ ከዚያ ይወጣል። ያየው ሁሉ ፊቱን ያዞራል። «ምን ሆነ?» ሲል «ምንም፣ ምንም» ይባላል። እህል ቅመስ ይባላል፣ ባዶ ሆድ መርዶ አይችልምና። ከዚያ ጎህ ሲቀድ፣ ሰውየው ከቤቱ ሳይወጣ፣ ጎረቤትና ዘመድ ነጠላውን ለብሶ በሩ ላይ ይቆማል። ያኔ ማንም አፉን መክፈት አያስፈልገውም። በሩን የከፈተው ሰው ያውቀዋል።

እንግዲህ ያስቡት ወይዘሮ ሊኖር። ልጇን ባሕር ማዶ የተወች እናት፣ አንዲት ልጅ ውሃ ላይ ስትንገላታ እያየች፣ በግራና በቀኝ ክንዷ ተይዞ ትወጣለች። ሰው ሁሉ ፊቱን ያዞርባታል። ውጪ ፀሐዩ ላይ ቆመን እማማ አማረች «ምን ተፈጠረ? ምን ሆናችኋል?» አሉ። አባባ አዝመራው «አባረሩሽ» ማለት ከበዳቸው፤ የሴት አዛውንት ክብር በአደባባይ እንዳይነካ ብለው «ምንም የለም አማረች፣ ምንም። ቤት እንግባ፣ መጀመሪያ እህል ቅመሺ» አሏቸው። የሰማይ ያለህ! ቃሉ ከአፋቸው ሲወጣ ሁላችንም ክው አልን። እማማ አማረች አውቶቡሱ ውስጥ በመስኮቱ እያዩ ሄዱ።

ያን ማታ የሰፈራችን ሴቶች፣ እማማ አማረች በሰው ፊት ተዋረዱ ሲባል ሰምተው ተቆጩ፤ ሄደን እናጽናናቸው አሉ። እነዚህን ሴቶች እርስዎም ያውቋቸዋል፤ ቢሮዎ ሲገቡ ወለሉ ጸድቶ ደርቆ የሚጠብቅዎት እነሱ ከእርስዎ ቀድመው ስለገቡ ነው። መኪና የሚያነሳቸው በጎህ ነው። ስለዚህ ከሥራ በፊት ብቅ እንበል ተባባሉ። ጎህ ሲቀድ፣ ለብርዱ ነጠላቸውን ለብሰው፣ ተሰብስበው አንኳኩ። እማማ አማረች በሩን ከፈቱ። አዩዋቸው። «ጥሩዬ!» ብለው ወለሉ ላይ ወደቁ።

«ኧረ እማማ፣ በሞቴ፣ ለሲኒማው ነው የመጣነው!» ቢሏቸው፣ «ለሲኒማ ማን በጎህ ይመጣል?» አሉ። እውነታቸውን ነው። ማን ይመጣል?

ከዚያ ቀን ጀምሮ እማማ አማረች ፀጉራቸውን ተላጭተው፣ ጥቁር ለብሰው መሬት ተቀምጠዋል። እንግዲህ የሰፈሩን ጭንቀት ልንገርዎት። ለቅሶ እንዳንደርስ፣ ሄዶ መቀመጥ «አዎ ሞታለች» ማለት ነው። እንዳንቀር፣ ጎረቤት እያለቀሰ የቀረ ሰው ሰው አይባልም። አንዳንዱ ይመጣል፣ በር ላይ ይቆማል፣ ማልቀስም አለማልቀስም ያቅተዋል፣ «እንዴት ዋላችሁ» ብሎ ይመለሳል። አባባ አዝመራው ደረጃው ሥር ወንበር አውጥተው ይቀመጡና ምግብ ይዞ የመጣውን ሁሉ «ለቅሶ አይደለም፣ ለጥየቃ ከሆነ ግባ፣ ነጠላህን አስተካክል፣ ፊትህን ፍታ» እያሉ ያስገባሉ። ፊቱን የፈታውን ደግሞ እማማ አማረች ያዩትና «ይኸው፣ እየደበቀኝ ነው» ይላሉ። ሕያው ልትሆን ለምትችል ልጅ እንዴት እንደሚለቀስ አባቶቻችን አላስተማሩንም፤ ምናልባት በሚመጣው ዓመት ፌስቲቫልዎ ላይ ውይይት ያዘጋጁልን ይሆናል።

ደውሉላት ይሉ ይሆናል። ጎንደር ስልክ አንድ ቀን ገብቶ ብዙ ቀን ይጠፋል፣ ይህን ዘመድ ያለው ሁሉ ያውቀዋል፤ ጥሩዬን በስልክ ካጣናት ቆይተናል። የልጅ ልጃቸው ኖአ ከዘመድ ዘመድ ዞሮ የመጣ የጥሩዬን የድምፅ መልእክት አገኘች። «ሳቭታ፣ ስሚ! እሷ ናት፣ ደህና ናት!» ብላ ስልኩን አያቷ ጆሮ ላይ አደረገችው፤ ሳቭታ አያቴ ማለቷ ነው። «እማዬ ደህና ነኝ፣ አታስቢ» ይላል ድምፁ። እማማ አማረች እስከ መጨረሻው ሰሙት። ከዚያ ወደኔ ዞሩ። «ጎሹ፣ ያን የጥንቱን ፊልም ያሳየኸን አንተ አይደለህ? ይሄ የምታዩት ሰው ሁሉ ሞቷል፣ ድምፁ ነው የቀረው ያልከን አንተ አይደለህ?»

እኔ ነኝ። ጥቁርና ነጭ ፊልም ነበር፣ ፊልም ምን ያህል ተአምር እንደሆነ ላሳያቸው ብዬ ነው እንደዚያ ያልኩት።

«ድምፅማ ይቀራል» አሉና ስልኩን ለኖአ መለሱላት። እሳቸው ጋዜጣ አያነቡምና እዚህ ልጻፈው፤ ያ መልእክት ከስልክ ስልክ ሲተላለፍ የመጣ ነው፣ መቼ እንደተቀዳ አንዳችንም አናውቅም።

ከዚያ እማማ አማረች አንድ ነገር ብቻ ጠየቁን። «የዚያችን ልጅ መጨረሻ አሳዩኝ» አሉ። «ከደረሰች፣ ያስወጣችሁኝ እንደምትሉት ለጩኸቴ ነው። አምናችኋለሁ፣ ተነስቼ እበላለሁ። ከሰጠመች ግን እንዳላይ ነው ያወጣችሁኝ። ታውቁ ነበር። የሷን ካወቃችሁ የጥሩዬንም ታውቃላችሁ።» ኖአ እያለቀሰች «ሳቭታ፣ ፊልም እኮ ነው!» ብትላቸው፣ «ፊልም ከሆነ ታዲያ ምን ያስደብቃችኋል?» አሏት። እርስዎ የሲኒማ ሊቅ ነዎት፤ ይህን ሙግት ይፍቱልኝ። እኔ ተሸንፌያለሁ።

አራተኛ፦ ስለ መጨረሻው አመሰግናለሁ። እኛ ባናይ ያዩት ይንገሩን ብዬ ከተመልካቾችዎ ያገኘሁትን ሁሉ ጠየቅኩ። አንዲት የለሃቪም ሴት፣ በጣም ደግ ሴት፣ ባቡር ጣቢያ ላይ አግኝቻት «ሶፍ ፓቱአሕ ነው» አለችኝ፣ ክፍት መጨረሻ ማለቷ ነው። «ትደርሳለች አትደርስም አይባልም። አንተ ምን ይሰማሃል?» ባሏ ደግሞ «ኧረ ደርሳለች! መጨረሻ ላይ መብራቱ ሁለት ሆኖ ታየ እኮ» አለ። እሷ «እሱ ተምሳሌት ነው» አለችው። እሱ «የምን ተምሳሌት፣ ሁለት ፋኖስ ነው» አላት። እንዲህ ተከራክረው፣ ሲከራከሩም ፊታቸው ሲበራ አይቼ ተውኳቸው። አልፈርድባቸውም። እኔ ራሴ ክፍት መጨረሻ እወድ ነበር፤ ከሃይፋ እስከዚህ ባቡር ውስጥ በሐሳቤ እየጨረስኩት የመጣሁት ፊልም ስንት ነው! አሁን ግን ገባኝ። ክፍት መጨረሻ የሚያምርለት ልጆቹ ሁሉ ማታ ማታ ቤት የሚገቡለት ሰው ነው። እማማ አማረች ድሮም ክፍት መጨረሻ ውስጥ ነው የሚኖሩት፤ ለዚህ ቲኬት አያስፈልጋቸውም ነበር።

ቢሮዎ አንድ ጊዜ ስልክ ተነስቶልኛል፣ ለዚህም ምስጋና ይገባል፣ ተራ ቁጥር ሳልሰጠው ልለፈው። ልጅቱ ትሑት ናት። «ፊልሙ ወደ ሌላ ፌስቲቫል ሄዷል፣ ለግለሰብ የማሳየት መብት የለንም» አለችኝ። ግለሰብ ያለቻት እኛን ነው፤ ለፎቶው ጊዜ ማኅበረሰብ ነበርን።

አምስተኛም ስድስተኛም ነበረኝ። ስለ ወንበሮቹ፣ እንግዳዎ ስለ እናትነት ስለተናገረው ንግግር። ተውኩት። ሽሙጥም ይደክማል።

የምጠይቅዎት ይቅርታ አይደለም፣ ይቅርታማ በማሽኑ በኩልም ሊላክ ይችላል። የፊልሙን ዳይሬክተር ያውቁታል፣ ጎን ለጎን ተቀምጣችሁ ነበር። ይደውሉለትና ያን ፊልም፣ ልጅቱ ጀልባው ላይ ከወጣችበት እስከ መጨረሻው፣ ቫቭ መጥተው እኛ መጠለያ ውስጥ ያሳዩልን። የሰው ወሬ አይበቃም፣ አባባ አዝመራው «መብራቱ አንድ ይሁን ሁለት እናት ትየው፣ የእናት ዓይን ይለያል» ብለዋል። እማማ አማረች መሃል ላይ ይቀመጣሉ። እኔ ጮክ ብዬ እተረጉማለሁ። እሳቸውም የፈለጉትን ያህል ይጮሃሉ፣ ምናልባት ልጅቱ ትሰማቸው ይሆናል። እርስዎም ይምጡ፣ ቦታ እንይዝልዎታለን፤ እስኪያልቅ ማንም አያስነሳዎትም።

ፌስቲቫልዎ ከዓመት ዓመት ይስፋ። እንግዶችዎ ከሩቅ አገር በደህና ይድረሱ፣ በደህና መድረስ ትልቅ ነገር ነው። ወንበሮችዎ ይሙሉ፣ አዳራሽዎ ጸጥ ይበል፣ ጸጥታውም ይድላዎት።

የሽኩና ቫቭ መጠለያ ሲኒማ ቤት መሥራች፣ አስተርጓሚ፣ አንሶላ ሰቃይና አጣፊ፣ ፊልምዎን ግማሽ ያየ ግማሽ አክባሪዎ፣

ጎሹ
ቤር ሼቫ

አንድ ነገር ተረሳ፦ ይህን ደብዳቤ ሳልልከው ለአባባ አዝመራው አነበብኩላቸው። ሰምተው ሲያበቁ «ብታመጣው፣ ብናየውና ሰጥማ ብትገኝስ?» አሉኝ። እኔ ይህን አላሰብኩትም ነበር፤ አስቤውም ከሆነ ሸሽቼዋለሁ። እሳቸው ግን አስበውበታል። «ከሰጠመችም ወግ አለው» አሉ። «ወይዘሮዋ ለኛ አስቀድማ ትንገረን። እንሰበሰባለን፣ አማረችን እህል እናስቀምሳታለን፣ አብረን ቁጭ ብለን እናያለን፣ አብረን እናለቅሳለን። ሞት ለኛ አዲስ አይደለም። ያልቻልነው እንዲህ መሃል ላይ መቅረቱን ነው።» ስለዚህ ወይዘሮ ሊኖር፣ ማሽኑን ያሳርፉትና እርስዎ ራስዎ፣ በስምዎ፣ በዚሁ ጋዜጣ፣ ሰው ሁሉ በሚያነብበት ቦታ ይመልሱልን፦ ልጅቱ ደርሳለች ወይስ አልደረሰችም?